ጓንት እጅን አይተካም፦ ከአዳማ አይሲዩ ለጻፈችልን ነርስ

ጥያቄው፦ «ዶክተር፣ አዳማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል (አይሲዩ) ነርስ ነኝ። የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴው የእጅ ንጽሕናችንን ሲከታተል ቆይቶ ውጤቱን ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ከሁሉም ክፍል መጨረሻ የወጣነው እኛ ነን። ስብሰባ ላይ ቸልተኞች ተባልን። ማታ ማታ አንድ ነርስ ሦስት በሽተኛ ትይዛለች። ውሃ አንዴ አለ፣ አንዴ የለም። እጄ ከመሰነጣጠቁ የተነሳ አልኮል ሲነካው ያቃጥለኛል። ጓንት ደግሞ ሁሌም እናደርጋለን። በሽተኛ በነካን ቁጥር እጅ ማጽዳት በእውነቱ ይቻላል? ወይስ ችግሩ እኛው ነን?»

ምላሽ፦

ሲስተር፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ችግሩ እናንተ አይደላችሁም። አይሲዩ መጨረሻ መውጣቱም የእናንተ ሆስፒታል ብቻ ጉድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በስዊዘርላንድ የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፕሮፌሰር ዲዲዬ ፒቴና ባልደረቦቻቸው ሠራተኛው እጁን መቼ እንደሚያጸዳ፣ መቼ እንደሚዘለው ክፍል በክፍል ተከታትለው ነበር። ውሃም ሳሙናም በማይጠፋበት አገር፣ እጅ መጽዳት ከነበረበት ጊዜ ውስጥ የጸዳው በአማካይ 48 በመቶው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዝቅተኛው የአይሲዩ ነበር፤ 36 በመቶ። የተሻለው የሕፃናት ክፍል ነበር፤ 59 በመቶ።

የአይሲዩ ነርሶች ከሕፃናት ክፍል ነርሶች ይልቅ ሰነፎች ስለነበሩ ነው? አይደለም። ሕፃናት ክፍል ውስጥ አንድ በሽተኛ በሰዓት በአማካይ 8 ጊዜ እጅ ማጽዳት ይጠይቅ ነበር። አይሲዩ ውስጥ 22 ጊዜ። ሥራው ሲጣደፍ መጀመሪያ የሚዘለለው እጅ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ቁጥሩን መለጠፉን እደግፋለሁ። «ቸልተኞች» የሚለውን ግን አልቀበልም። ሰውን መውቀስ አልኮል አያስመጣም፣ ነርስም አይጨምርም።

«ይቻላል ወይ?» ላልሽው ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በሳሙናና በውሃ በደንብ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል። 22 ጊዜ ከሆነ ከሰዓቱ ውስጥ ከ15 እስከ 22 ደቂቃ በመታጠብ ብቻ አለቀ። ወደ ቧንቧው መሄድና መመለሱ አልተቆጠረም። ይህ ደግሞ ለአንድ በሽተኛ ነው፤ አንቺ ሦስት ይዘሻል። በአልኮል ማሸት ግን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃዋል። ከአልጋው አጠገብ ሳትነቃነቂ ይሆናል፤ እጅሽ እስኪደርቅ ዓይንሽ ሞኒተሩ ላይ ነው። ለአንድ በሽተኛ በሰዓት ከ7 እስከ 11 ደቂቃ መሆኑ ነው። አሁንም ትንሽ አይደለም። ለሦስት በሽተኛ ሲባዛ ይከብዳል። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ በሽተኛ አንድ ለአንድ ነርስ ቢኖረው ነበር የሚገባው፤ ይህን ለአስተዳደሩ ደጋግማችሁ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። እስከዚያው ግን መልሴ ይህ ነው፦ በሳሙና ብቻ አይቻልም፤ አልኮሉ እጅሽ ከደረሰና የሥራሽን ቅደም ተከተል ካስተካከልሽ ይቻላል።

አልኮሉ እጅሽ ከደረሰ ስል የምሬን ነው። በየሆስፒታሉ ስዞር የማየው ነገር ያናድደኛል። አንድ ጠርሙስ በሩ ላይ አለ፣ ያውም ባዶ። ሙሉው «እንዳይሰረቅ» ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ከቀን ተረኛዋ ጋር ሄዷል። በዚህ ሁኔታ ማን እጁን ያጽዳ? ጠርሙሱ በየአልጋው እግርጌ መታሰር አለበት። አንድ ደግሞ መድኃኒት የሚቀመምበት ትሮሊ ላይ። ክንድሽን ዘርግተሽ ካልደረስሽበት እንደሌለ ቁጠሪው። ጄኔቫዎቹ ያደረጉት ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ አልኮሉን አልጋው አጠገብና ኪስ ውስጥ አስገቡት፣ ውጤቱን ለሠራተኛው እየነገሩ ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 አማካዩ ከ48 ወደ 66 በመቶ ደረሰ። ሆስፒታል ውስጥ ኢንፌክሽን የያዛቸው በሽተኞች ድርሻ ከ16.9 በመቶ ወደ 9.9 በመቶ ወረደ።

«አልኮል የለም» ለሚል የአዳማ ሆስፒታል መልስ አለኝ። ኢታኖል ለዚህ አካባቢ ሩቅ ዕቃ አይደለም። መተሐራ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ሲያወጣው ኖሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ደግሞ የትኛውም የሆስፒታል ፋርማሲ ሊሠራው የሚችል ነው። ለ10 ሊትር፦ 96 በመቶ የሆነ ኢታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ 98 በመቶ ግሊሰሪን 145 ሚሊ ሊትር፤ የቀረውን ፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በተጣራ ውሃ እስከ 10 ሊትር መሙላት ነው። ከዚያ 72 ሰዓት ይቀመጥ። ፐርኦክሳይዱ በፈሳሹ ወይም በዕቃው ውስጥ ያሉ ስፖሮችን፣ ማለትም በጠንካራ ሽፋን ተሸፍነው የሚቆዩ ጀርሞችን፣ የሚገድልበት ጊዜ ነው። ፋርማሲስቱ የአልኮሉን መጠን በመለኪያ ማረጋገጥ አለበት፤ 80 በመቶ ገደማ መሆን ይኖርበታል። በኮቪድ ጊዜ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሳኒታይዘር ራሳቸው ሠርተዋል፤ አሁን የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። አረቄ አይሆንም ወይ ብሎ የጠየቀኝም ሰው አለ። አይሆንም፤ የአልኮል መጠኑ አይደርስም። ደግሞ አልኮል እሳት ይወዳል፤ ኦክሲጅን ባለበት ክፍል እጅሽ ሳይደርቅ ምንም አትንኪ፣ ጀሪካኑም ከክፍሉ ውጭ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ጓንቱ እንምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ «ጓንት ሁሌም እናደርጋለን» ያልሽው ነው።

አንድ ሌሊት እናስብ። በፍጥነት መንገዱ ላይ አደጋ የደረሰበት ወጣት አልጋ 2 ላይ በማሽን ይተነፍሳል። ነርሷ ጓንት አድርጋ አክታውን በሳክሽን (በመምጠጫ ቱቦ) ትስባለች። ሞኒተሩ ይጮኻል፤ በዚያው ጓንት ቁልፉን ተጭና ዝም ታሰኘዋለች። የጉሉኮሱን ፍጥነት ታስተካክላለች። እስክሪብቶ ከኪሷ አውጥታ ቻርቱ ላይ ትጽፋለች። ስልኳ ሲበራ አንስታ ታየውና መልሳ ትከተዋለች። በዚህ መሀል የአልጋ 3 በሽተኛ የመድኃኒት ሰዓት ይደርሳል። ትሄዳለች፣ ደም ሥር ውስጥ የገባውን ቀጭን ቱቦ፣ የካኑላውን ክዳን ትከፍታለች፣ ሴፍትሪአክሶኑን ትሰጣለች። ጓንቱ ያው ነው። ስትጨርስ አውልቃ ትጥለዋለች፣ እጇም ንጹሕ ይመስላታል።

ጓንቱ ጠብቋታል። የአልጋ 3ን በሽተኛ ግን ማን ጠበቀው? ከአልጋ 2 ሳንባ የወጣው ጀርም በሞኒተሩ ቁልፍ፣ በእስክሪብቶውና በስልኩ በኩል ዞሮ በካኑላው አፍ ገባ። ነርሷ ቸልተኛ ስለሆነች አይደለም። ቆዳ ሲቆሽሽ ይሰማል፤ ይጣበቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ታጠብ ታጠብ ይልሻል። ጓንት ሲቆሽሽ ምንም አይሰማም። ሰውን የሚያዘናጋው ይኸው ነው።

ስለዚህ ጓንት የአንድ በሽተኛ፣ የአንድ ሥራ ነው። ደም፣ አክታ፣ ሽንት ወይም ቁስል ልትነኪ ስትይ ታደርጊዋለሽ፤ ሥራው እንዳለቀ ወዲያው ይወልቃል። ከማድረግሽ በፊት እጅሽ ይጽዳ፣ ካወለቅሽም በኋላ ይጽዳ። ጓንት በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ይኖረዋል፣ ሲወልቅም እጅ ይነካካል። በዚያው በሽተኛ ላይም ቢሆን ከቆሻሻ ቦታ ወደ ካኑላ ስትሄጂ ጓንቱ ተቀይሮ እጅ መጽዳት አለበት። ጓንቱን ራሱን በአልኮል ወይም በበረኪና አሽቶ መቀጠል ደግሞ አይሠራም፤ ላስቲኩን ሊያበላሸው ይችላል፣ ጀርሙን ለማስወገዱም ዋስትና የለም። የደም ግፊት ለመለካት፣ ትራስ ለማስተካከል፣ ቻርት ለመጻፍ ጓንት አያስፈልግም። ይህን ያህል ብቻ ብትቀንሱ እንኳ የጓንት ወጪው ይቀንሳል፣ እጃችሁም ያርፋል።

የምንፈራቸው ጀርሞች ተራ አይደሉም። አሲኔቶባክተር ደረቅ የሞኒተር ቁልፍ ወይም የአልጋ ብረት ላይ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ክሌብሲየላ ከእጅ ወደ እጅ በቀላሉ ይተላለፋል። ሜሮፔነምን የመሳሰሉ መድኃኒቶች የማይበግሯቸው ዝርያዎቻቸውን የዓለም ጤና ድርጅት እጅግ አሳሳቢ ከሚላቸው ተርታ መድቧቸዋል። አንድ አልጋ ላይ ሲታዩ ምን እንደሚከተል አንቺም ታውቂዋለሽ። የበሽተኛው ወንድም ማዘዣ ይዞ ከፍራንኮ እስከ ፖስታ ቤት ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞር ይውላል። ቢያገኘው ዋጋው ቤት ያፈርሳል። ቢገዛውም ላይሠራ ይችላል። በ20 ሰከንድ ሊቀር የሚችል ነገር ነው እንግዲህ።

እጅ የሚጸዳባቸውን አምስቱን ወቅቶች ሰምተሻቸዋል፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። በሽተኛውን ከመንካት በፊት፣ ንጹሕ ሥራ ከመሥራት በፊት፣ ፈሳሽ ከነካሽ በኋላ፣ በሽተኛውን ከነካሽ በኋላ፣ በአካባቢው ያለ ዕቃ ከነካሽ በኋላ። አምስቱም ያስፈልጋሉ። ግን ሌሊት ሦስት በሽተኛ ይዘሽ እጅሽ ሲያጥርሽ ከየት እንደምትጀምሪ ብትጠይቂኝ፣ ከሁለተኛው እልሻለሁ። ካኑላ፣ ማዕከላዊ መስመር (ትልቅ ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ)፣ የሽንት ካቴተር፣ የመተንፈሻ ቱቦ፤ እነዚህ ሁሉ ቆዳን፣ ጉሮሮን ወይም የሽንት ቧንቧን አልፈው ወደ ውስጥ የሚያስገቡ በሮች ናቸው። እነሱን ከመክፈትሽ በፊት እጅሽ ሳይጸዳ በፍጹም አይታለፍ። ሌላው ቢያመልጥሽ ይህ አያምልጥሽ። ብዙ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ደግሞ ሠራተኛ «በኋላ» ያለውን ይበልጥ ይፈጽማል፣ «በፊት» ያለውን ይዘላል። ሰው ነዋ፤ በደመ ነፍስ ራሱን ያስቀድማል።

ቅደም ተከተሉም ሥራ ያቀልልሻል። አንድ አልጋ ስትሄጂ ከንጹሕ ወደ ቆሻሻ ሂጂ። መጀመሪያ የደም ሥር መድኃኒቱ፣ ቀጥሎ ምርመራው፣ ከዚያ ሳክሽንና የአፍ እንክብካቤ፣ የሽንት ከረጢቱን ማፍሰስ መጨረሻ። ስልክ መሳቢያ ውስጥ ይቆይ። በተቃራኒው ከሄድሽ በየመሀሉ እጅሽን ማጽዳት ግዴታ ነው፤ በዚህኛው ግን ቁጥሩ ራሱ ይቀንሳል። ለአንድ በሽተኛ የሚሆነውን ዕቃ ሁሉ ቀድሞ አዘጋጅቶ መሄድም እንዲሁ። «ፕላስተር ረሳሁ» ብሎ መመላለስ ሁለት የእጅ ማጽዳት ይጨምራል።

እንዴት ማሸት እንዳለብሽ ላስተምርሽ አልፈልግም፤ አንድ ነገር ብቻ። ሰው መዳፉን ያሻል፣ አውራ ጣቱንና የጣቶቹን ጫፍ ይረሳል። ካኑላውን የሚነኩት ግን መዳፍሽ ሳይሆን እነዚህ ናቸው። ስለዚህ 3 ሚሊ ሊትር ያህል ውሰጂና ከጣት ጫፍ ጀምሪ፣ እስኪደርቅም እሺ። ጥፍር አጭር ይሁን። አርቴፊሻል ጥፍር አይሲዩ ውስጥ ቦታ የለውም። ቀለበትና ሰዓትም ሥራ ሲገባ ቢወልቅ ጥሩ ነው፤ ከሥራቸው ጀርም ይጠራቀማል።

የተሰነጣጠቀው እጅሽ ነገር አሳዝኖኛል። ቀላል ጉዳይም አይደለም፤ የቆሰለ ቆዳ ብዙ ጀርም ይይዛል፣ ሰውም ሕመሙን ፈርቶ እጁን ማጽዳት ይተዋል። ግን አልኮሉን አትወንጅይው። አብዛኛውን ጊዜ ቆዳውን የሚጎዳው ሳሙናው ነው፤ አልኮሉ የተጎዳውን ነክቶ ያቃጥላል። በሳሙና ታጥቦ ወዲያው አልኮል ማድረግ በጣም የተለመደ ነው፣ እጅ ከሚያበላሹት ነገሮችም ዋነኛው ነው። ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። እጅሽ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ከሌለው አልኮል ብቻ ተጠቀሚ። ሙቅ ውሃ ይቅር። እጅሽ ሳይደርቅ ጓንት አታድርጊ። ዱቄት ያለበት ጓንት ካለ ዱቄት የሌለው እንዲገዛ ጠይቁ። ግሊሰሪን የሌለበት አልኮል እየተሰጣችሁ ከሆነ ፋርማሲውን ጠይቁ፤ ቀመሩ ውስጥ የገባው ለቆዳ ነው። ሥራ ስትጨርሺ ቅባት ተቀቢ። ቫዝሊን ቤት ስትገቢ እንጂ ከጓንት በፊት አይሁን፤ ላቴክስ ጓንትን ያዳክመዋል። እጅሽ የሚያዠና የቆሰለ ከሆነ ደግሞ ለኃላፊሽ ንገሪና ቆዳ ሐኪም ይይሽ።

ውሃ ሲጠፋ አልኮሉ አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። እጅ ላይ ደም ወይም ሰገራ ካለ ሳሙናና ውሃ የግድ ነው። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ብዙ ቀን ወስዶ ተቅማጥ የጀመረው በሽተኛም እንዲሁ፤ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባለው ጀርም ስፖር አልኮል አይበግረውም። ስለዚህ ቧንቧ ያለው ባልዲ ሁልጊዜ ተሞልቶ ይቀመጥ። ሮቶ አለን ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሌሊት ማን እንደሚሞላው ስም ይጻፍበት። ሃይላንድ ውስጥ በውሃ ቀጥኖ የሚቀመጠው ፈሳሽ ሳሙና ግን ይቅር። የቀጠነ ሳሙና ራሱ ጀርም ያፈላል። ሲጎድል በላዩ ላይ መጨመርም ያው ነው፤ ጠርሙሱ ሲያልቅ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ይሞላ። ውሃው በሚንጠፈጠፍበት ማስቀመጫ ላይ ያለ ትንሽ ቁራጭ ሳሙና ከእሱ ይሻላል። የጋራ ፎጣው ዛሬውኑ ይውረድ። ሶፍት ከሌለ እጅ በአየር ይድረቅ።

ዶክተሮቹን አልጠቀስሽም፤ እኔ ልጥቀስ፣ ሙያ አጋሮቼ ናቸውና። ጄኔቫ ላይ የነርሶቹ ውጤት ሲሻሻል የሐኪሞቹ እዚያው ቀርቷል። የእኛም ከዚያ የተለየ አይመስለኝም። ጠዋት ራውንድ ላይ ሲኒየሩ፣ ሬዚደንቱ፣ ኢንተርኑ ተሰልፈው ከአልጋ አልጋ ይሄዳሉ፣ አንድ ስቴትስኮፕ ደረት ለደረት ይዞራል። ሲኒየሩ እጁን ካጸዳ ከኋላው ያለው ሁሉ ያጸዳል። ካለፈው ሁሉም ያልፈዋል። «ዶክተር እጅዎን አላጸዱም» ማለት ለአንድ ነርስ ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። እንዲህ ብታደርጉስ? ራውንዱ ሲጀመር አንድ ሰው አልኮሉን ይዞ ከፊት ይሂድ፣ በየአልጋው ለሁሉም እጅ ላይ ያድርግ፣ ስቴትስኮፑንም ይጥረግ። ቤታችን ውስጥ ምግብ ሊቀርብ ሲል ልጅ ማስታጠቢያ ይዞ ሲመጣ «ቆሽሸሃል ተባልኩ» ብሎ የሚቀየም ሽማግሌ የለም። እጁን ይዘረጋል፣ ይመርቃል። ሲኒየሮቹም ይለምዱታል።

አልኮል በሃይማኖት ምክንያት የሚከብዳቸው ሙስሊም ባልደረቦች ካሏችሁ ጉዳዩ አልታለፈም። እ.ኤ.አ. በጥር 2002 መካ ላይ የተሰበሰበው የእስልምና ፊቅህ ምክር ቤት አልኮልን ጀርም ለመግደልና ቁስል ለማጽዳት በውጭ አካል መጠቀም እንደሚቻል ወስኗል። የሚያመነታ ሰው ካለ በቁጣ ሳይሆን በዚህ አነጋግሩት።

ጠያቂ ቤተሰብም እንዲሁ በአክብሮት ይያዝ። እናት የልጇን እጅ ሳትይዝ አትውል። ቄሱ በመስቀል ይባርካሉ፣ ሼኹ ዱዓ ያደርጋሉ። አትከልክሉ። ሲገቡም ሲወጡም አልኮል ስጧቸው፤ መስቀሉም ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ከማለፉ በፊት ይጠረግ። ምክንያቱን ብትነግሯቸው እምቢ የሚል አላጋጠመኝም።

ለሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ ሁለት ነገር ይዘሽ ግቢ። አንደኛው የአልኮል ፍጆታ ነው። ሰው ሲታይ እጁን ያጸዳል፤ ጠርሙስ ግን አይዋሽም። የዓለም ጤና ድርጅት ሆስፒታሎች ራሳቸውን በሚመዝኑበት ቅጽ ላይ ቢያንስ 20 ሊትር ለ1,000 የበሽተኛ ቀናት ይላል። ለአንድ በሽተኛ በቀን 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ በ3 ሲካፈል ሰባት ጊዜ ማሸት እንኳ አይሞላም። ለአይሲዩ ይህ ከምንም አይቆጠርም። በሽተኛ በቀን 100 ጊዜ ማሸት ቢጠይቅ 300 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስድስት አልጋ ካላችሁ በቀን 1.8 ሊትር። ባለፈው ወር ለክፍላችሁ የወጣው ስንት ነው? ከስቶር መዝገብ አስወጪው። ይህን ካላገኛችሁ የለጠፉት ቁጥር የእናንተን ትጋት ሳይሆን የስቶሩን ባዶነት ነው የሚያሳየው።

ሁለተኛው፣ ውጤቱ በአምስቱ ወቅቶችና በሙያ ዓይነት ተከፋፍሎ፣ ሌሊቱም ተጨምሮበት እንዲቀርብ ጠይቂ። አንድ አማካይ ቁጥር ምን እንደሚስተካከል አይነግርም። ዝቅ ያለው «ከንጹሕ ሥራ በፊት» የሚለው ከሆነ አልኮሉ ወደ መድኃኒቱ ትሮሊ ይጠጋ። «አካባቢውን ከነኩ በኋላ» የሚለው ከሆነ የአልጋው እግርጌ ጠርሙስ ጎድሏል ማለት ነው። ሌሊት ብቻ ከወደቀ ደግሞ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ እንደሚያድር ጠይቁ።